ከስንዱ የቀማኋት እረፍት

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ስንቱን ስናዘዝ ይችን ብቻ እየዘለልኩ ኖሬአለሁ፤ የልጅነት ነገር ነው እያልኩ። የልጅነት ነበር እንዴ? አልነበረም። አውቄ ነው ያደረግሁት።

መካነ ኢየሱስ ከተማ ስንማር እኔና ስንዱ ከገጠር መጥተን አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ስንቃችን አንድ፣ መኝታችን አንድ። ሁለታችንም የአጭር ርቀት ሯጮች ነበርን። ግን እሷ ትቀድመኛለች። ሁልጊዜ ትቀድመኛለች። ደብረ ታቦር ለሚደረገው ውድድር ደግሞ ከትምህርት ቤታችን የምትላከው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

ማጣሪያው ሲቃረብ አሰልጣኛችን ጋሼ መላኩ ለቅሶ ደረሰባቸውና አገር ቤት ሄዱ። ሲሄዱ ፊሽካቸውን ሰጡን።

«ቴምፖ፣ ያን የድግግሞሽ ሩጫ ስትሠሩ አቅማችሁን አትጨርሱ» አሉን። «ዘና ብላችሁ ሩጡ፣ ትንፋሻችሁ እስኪመለስ በእርምጃ እረፉ፣ ከዚያ ድገሙት። እረፍቱን ካጎደላችሁት እግራችሁን ነው የምትገድሉት።»

አንዳችን ስንሮጥ ሌላችን እረፍቱ ሲያበቃ ፊሽካ ልንነፋ ተስማማን። ስንዱ ለእኔ ስትነፋ ፊቴን አይታ፣ «ገና ነሽ፣ ትንሽ ቆይ» ትለኝ ነበር። እኔስ? እኔ ገና ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ እንዳለች ነፋሁባት።

«ደረሰ እንዴ?» አለችኝ እያለከለከች።

«ደርሷል፣ ተነሽ።»

አመነችኝና ሮጠች። በማግስቱም ነፋሁባት። እስከ ማጣሪያው ዋዜማ ድረስ እንዲሁ ነፋሁባት። ስትዝል እያየሁ ነፋሁባት።

በማጣሪያው ቀን እግሯ እንጨት ሆነባት፤ ቀደምኳት። ስንቄን ቋጥራ እስከ መናኸሪያ የሸኘችኝ እሷ ናት። ደብረ ታቦር ሄጄም አልቀናኝ። ስመለስ ስንዱ ጫማዋን ለሌላ ልጅ ሰጥታ ቆየችኝ። «ሰውነቴ ለሩጫ አልተፈጠረም» አለችኝ። ያን ጊዜ መናገር አልችልም ነበር? እችል ነበር።

ከዚያ ወዲህ በጸጸት ስቃጠል ኖርኩ ብል ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። ኑሮዬ ደህና ነው። የስፖርት መምህርት ሆኛለሁ፤ ሥራዬን እወደዋለሁ። ስንዱም ገበያው ዳር ጨርቅ ትሸጣለች፣ ደግ ባል አላት፣ ሳቋ ከሱቋ አልፎ መንገድ ላይ ይሰማል። ልጇን ቤዛን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። አሁን ቤዛ እኔው ጋ ትሠለጥናለች። ትንፋሿ ሳይመለስ አላስነሳትም፤ ስትሮጥ ሳያት ደስታዬ ወሰን የለውም።

ባለፈው ስንዱ ሜዳ ድረስ መጥታ እጄን ያዘችኝ።

«አደራሽን፣ እኔን ከመሰለች ቶሎ ይደክማታል፤ አትጫኛት» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ዘመን የራሷን አካል ስትወቅስ ኖራለች ማለት ነው። እኔ ግን «እሺ» ብቻ አልኳት። እሺ!

ልጅ ነበርኩ አልልም። ቅናት አሳወረኝ አልልም፤ ዓይኔ እያየ ነው የነፋሁት። ኑሯችን ማማሩም በደሌን አያቀለውም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቷ ሄጄ ይህን የጻፍኩትን አነብላታለሁ። ይቅር ብትለኝ እሰየው፤ ባትለኝም እውነት አላት።

ስንዱዬ፣ ደካማ አልነበርሽም። ያላሳረፍኩሽ እኔ ነኝ።