ጭስ የሌለው ወጥ ቤት

ቂርቆስ አካባቢ ካሉት የትምህርት ቤት ወጥ ቤቶች ውስጥ ጭስ የማይታፈንበት አንድ ብቻ ነበር። ምድጃውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ይህን በራሴ አፍ የምናገረው ሌላ ሰው ስለማይናገርልኝ ነው። ቢያመሰግኑኝ ኖሮ ጨዋ ሆኜ ዝም እል ነበር።

ብየዳ ያስተማረኝ ሰው የለም። በወጣትነቴ ካዛንቺስ ውስጥ አንድ ጋራዥ አጥር ሥር ቆሜ፣ በባዶ ዓይኔ እሳቱን እያየሁ፣ የበያጆቹ እጅ እንዴት እንደሚሄድ አጠና ነበር። ማታ ዓይኔ እንደ በርበሬ ሲያቃጥለኝ ድንች ከትፌ በጨርቅ አስርበትና እተኛለሁ፤ ጠዋት ተመልሼ እዚያው አጥር ሥር እቆማለሁ። ማንበብም የለመድኩት በራሴ ነው፤ ከሱቅ ታፔላና ሞተር ላይ ከሚለጠፍ ጽሑፍ። በኋላ ዲፕሎማ የያዙ በያጆች የእኔን ሥራ በጣታቸው እየዳሰሱ "ይሄ በማሽን ነው የተበየደው?" ብለው ጠይቀውኛል።

ካዛንቺስ ውስጥ የእኔ በር ወይም መስኮት የሌለበት መንደር አልነበረም። ሰፈሩ ሲፈርስ በሮቼ ከነመቃናቸው ተነቅለው የጭነት መኪና ላይ ሲጣሉ ቆሜ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ልጄ ቤት ነው የምኖረው። በዚህ ከተማ ላይ በእጄ ሠርቼው አሁንም ቆሞ ሲሠራ ሄጄ የማየው ነገር ያ ምድጃ ብቻ ነው የቀረኝ። ስለዚህ እሱን የነካ እኔን እንደነካ ነው የምቆጥረው።

የተማሪዎች ምገባ የተጀመረ ሰሞን ሴቶቹ በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ድንጋይ ጎልተው ነበር የሚያበስሉት። ጭሱ ክፍል ውስጥ እየገባ መምህሩም ተማሪውም አብረው ያስላሉ። የልጄ ልጅ እዚያ ስለሚማር አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። አንጎላሬ ብረት ቆርጬ እግር አወጣሁለት፤ ወፍራም ላሜራ አለበስኩት፤ ውስጡን በሸክላ ጡብ ደረደርኩት፤ ጭሱ ከኋላ ተጠማዞ ጣሪያውን አልፎ የሚወጣበት ቧንቧ ሠራሁለት። ጥቂት ፍልጥ ጎርሶ ትልቁን ድስት ያፈላል። ገንዘብ አልጠየቅኩም። ስሜን እንዲጽፉበት ጠይቄ ነበር፤ ረሱት።

አሁን ወደ ጠቡ ልምጣ። የወላጆች ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ፣ ባጁን ከአንገቱ የማያወልቅ ወጣት ነው፣ ስብሰባ ጠርቶ መንግሥት ለትምህርት ቤቶች የወጥ ቤት ዕቃ ማሻሻያ ድጋፍ ሊሰጥ መሆኑን ነገረን። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መቀቀያዎች፣ የማይዝግ ጠረጴዛ፣ የእንፋሎት መሳቢያ። ገምጋሚዎች መጥተው አይተው፣ ወጥ ቤቱ ለባሰበት ቅድሚያ ይሰጣሉ።

"የእኛ ከባሰባቸው ውስጥ አይደለም" አልኩ።

ቤቱ ሳቀ። ርዕሰ መምህሩ ግን አልሳቀም። "ጋሼ፣ ችግራችንም እሱ ነው" አለኝ።

የዚያን ዕለት ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። በሳምንቱ በትምህርት ቤቱ በኩል ሳልፍ ከወጥ ቤቱ መስኮት ጥቁር ጭስ ሲግተለተል አየሁ። ዘበኛውን ሳላናግር ገባሁ። ቧንቧዬ ተነቅሎ ከዳሱ ኋላ መሬት ላይ ተጋድሟል። ግድግዳው ጠቁሯል። የሚያበስሉት ሴቶች አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ አስረው ያስላሉ። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆሞ፣ ልክ ቤት እያስቀባ እንደሚቆጣጠር ሰው፣ ግድግዳውን ያያል።

"ማነው ያወረደው?"

"ጋሼ ይረጋጉ። ለጊዜው ነው። ገምጋሚዎቹ ነገ ይመጣሉ፤ አይተው ሲሄዱ እንመልሰዋለን።"

"ምን እንዲያዩ ነው?"

"ጭሱን ነዋ!" አለኝ፤ አላፈረም። "አንዱ ትምህርት ቤት ቆርቆሮውን ነቅሎ እየጠበቃቸው ነው አሉ። እኛ ደህና ወጥ ቤት ይዘን ብንቀርብ ማን ዞር ብሎ ያየናል?"

"አንተ ልጅ፣ የእኔን ሥራ ቁስል አስመስለህ ልትለምንበት ነው?"

ይህን ጊዜ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ሻሿን ከአፏ አውርዳ ገባችበት። አጠር ያለች፣ ምላሷ የማይታሠር ሴት ናት፤ ከመጀመሪያዋ ኃላፊ ቀጥላ የመጣች። "ጋሼ፣ ለአንድ ቀን ነው። የምናስለው እኛ፣ የሚጮኹት እርስዎ! የሚመጣው ድስት እኮ በቃ፣ እንደ መኪና መሪ እጀታውን ሲያዞሩት ራሱ ያዘነብላል። መሸከም የለ፣ ማንሳት የለ።"

"ድስት ሲያዘነብልማ ወጥ ይደፋል" ብዬ ሳቅኩባት። እሷ አልሳቀችም። ርዕሰ መምህሩ ክንዴን ይዞ ወደ በሩ ሸኘኝ፤ እኔ ክንዴን የሚይዘኝ ሰው አልወድም።

በማግስቱ ማልጄ ሄድኩ። ገምጋሚዎቹ ቢሮ ውስጥ ሻይ ሲጋበዙ እኔ ጣሪያ ላይ ነበርኩ። ሴቶቹ ከታች "ኧረ ይውረዱ! ኧረ ጉድ አያፍሉብን!" እያሉ ሲለምኑኝ ቧንቧዬን ከቦታው መለስኩና በሽቦ ጠፈርኩት። ስወርድ ጭሱ መንገዱን አግኝቶ ሽቅብ ሄዷል። ግድግዳው እንደጠቆረ ነው፤ አየሩ ግን ንጹሕ።

ገምጋሚዎቹ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ነበሩ። ሴትዮዋ ስልኳን ደግና ገባች፤ ግድግዳውን አየች፤ ምድጃውን አየች፤ እጇን ፍልጥ ከሚገባበት አፍ በላይ አድርጋ ጭስ ፈለገች። የለም።

"ማን ነው የሠራው?"

"እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም።"

"በእውነት በጣም ጥሩ ነው አባቴ" አለችና ከጎኑ አቁማ ፎቶ አነሳችኝ። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ከዚያ ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞራ "እናንተስ ደህና ናችሁ። ለባሰበት ቅድሚያ እንስጥና፣ በሚቀጥለው ዙር እናያችኋለን" አለችው። የርዕሰ መምህሩን ፊት እስካሁን አልረሳሁትም። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

እነሱን ሊሸኝ ሲወጣ የወጥ ቤቱ ኃላፊ በሩን ከኋላዬ ዘጋችው። በእግሯ አንድ የለስላሳ ሳጥን ስባ አመጣች፣ ደፍታ ምድጃው ሥር አስቀመጠችው፣ ወጣችበት። እርስዎ ማለቷን ትታለች።

"ና እስቲ እየኝ። ይሄን ምድጃ ለማን ነው የሠራኸው?"

"ለትምህርት ቤቱ።"

"የድስቱ አፍ እኔ ደረት ላይ ነው! በየቀኑ ሳጥን ላይ ቆሜ ነው የማማስለው። ሳጥኑ ሲንሸራተት ምን እንደምይዝ ታውቃለህ?" እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበች። የክንዷ ውስጠኛው ክፍል ከአንጓዋ እስከ ክርኗ የተቃጠለ ቆዳ ነው፤ አሮጌውም አዲሱም ተደራርቧል። "ድስቱን ነው የምይዘው! የሚያዘነብል ድስት ሊመጣልኝ ነው ስልህ ሳቅክብኝ።"

"ስሠራው ኃላፊዋ ረጅም ሴት ነበረች። ለእሷ ነው የለካሁት።"

"እሷማ ሄደች! እኔ ነኝ ያለሁት!"

"ታዲያ ለምን አትነግሪኝም ነበር?"

"መቼ ልንገርህ? በመጣህ ቁጥር ስለ ብየዳህ ስታወራ እኔ አፌን የት አግኝቼ ልክፈት?"

ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ ሁሉ ስድብ ይልቅ ያ ሳቅ ነው የቆረጠኝ። በሩን ራሴ ከፍቼ ወጣሁ።

ወሬው ሰፈሩን ለመዞር ጊዜ አልፈጀም። ሰላም የሚሉኝ ወላጆች መንገድ ይቀይሩ ጀመር። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አንዷ እናት ለጓደኛዋ "ድጋፉን ያስቀረው ሽማግሌ ያውልሽ" ስትል ጆሮዬ እየሰማ ነው። የኮሚቴውን ስብሰባም እኔ ሳልጠራ አደረጉት። ልጄ እንኳን እራት ላይ "አባዬ፣ ምናለ ዝም ብትል ኖሮ" አለችኝ። ለሁሉም የምለው አንድ ነው፤ ያን ጊዜም ብዬዋለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ደህና ሥራን አጥቁሮ ለልመና ማውጣት ነውር ነው። መንግሥትም ቢሆን ጭስ ለሚያሳየው የሚሰጥና ጭሱን ላጠፋው የሚነፍግ ከሆነ፣ ነገ ሁሉም ሰው ቧንቧውን እየነቀለ ይጠብቀዋል። ይሄን ለመረዳት ዲፕሎማ አያስፈልግም።

ክንዷ ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ።

ቅዳሜ ግራይንደርና የብየዳ ማሽን ተውሼ ሄድኩ። ዘበኛው ምን እንደምሠራ ሳይጠይቀኝ አስገባኝ፤ እሱም አኩርፎኛል። እሷ ብቻዋን ሆና ድስት ታጥባለች።

"ደግሞ ምን ልታጠፋ መጣህ?"

"ነይ እዚህ ጋ ቁሚ። ልለካሽ ነው።"

"አልቆምም።"

"ለምን?"

"ልብስ ሰፊ ነህ እንዴ? በቃ አልቆምም።"

ያንን የለስላሳ ሳጥን አነሳሁና ከፍታውን በሜትሬ ለካሁ። በየቀኑ የምትቆምበት እሱ ነው፤ ቁመቷን ባውቅ ባላውቅ ምን ይሠራልኛል? የምድጃውን እግሮች በሳጥኑ ልክ ቆረጥኳቸው። ምድጃው ሲወርድ ቧንቧው ስላጠረ እሱን ቀጠልኩበት፤ መጋጠሚያውን በጣት ዳስሰው የሚያገኙት አይደለም። እስከ አመሻሹ ድረስ አንድ ኩባያ ውሃ ያቀበለኝ የለም። ድስቷን ጨርሳ፣ ወለሉን ጨርሳ፣ የጸዳውን ጠረጴዛ እንደገና ስትጠርግ አየኋት፤ ግን አልሄደችም።

ስጨርስ እሳት አያያዝኩ። ትልቁን ድስት በውሃ ሞልታ ጣደችው፤ ማማሰያ አንስታ አማሰለችው። ክንዷ ከድስቱ አፍ በላይ ነው፤ አልተንጠራራችም።

"ጭሱስ?" አለች።

"ታያለሽ?"

"አላይም።" ማማሰያውን ሰቀለች። ያንን ሳጥን በእግሯ ገፋ ገፋ እያደረገች በሩ ድረስ አደረሰችው። "ይሄን ይዘህልኝ ውጣ፤ ዓይኔ እንዳያየው።"

ሳጥኑን ብብቴ ውስጥ፣ ግራይንደሩን በእጄ ይዤ፣ የብየዳ ማሽኑን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ግቢውን ሳጋምስ ድምፅዋ ከኋላዬ መጣ።

"ድስቱ ግን አሁንም አያዘነብልም!"

በሚቀጥለው ሳምንት ድጋፉ የደረሰው ትምህርት ቤት ሄድኩ። ዘበኛው አላስገባም አለኝ። ሳጥኑን አጥሩ ሥር ደፍቼ ወጣሁበትና በወጥ ቤቱ መስኮት አሻግሬ እያየሁ ሲያበስሉ ዋልኩ። ያቺን የተወራላትን ድስት አየኋት። የሚያዘነብላት ሁለት መዞሪያ ኩሽኔታና አንድ ማርሽ ነው፤ ሌላ ምንም የለባትም።