«ምንም አልጎደለብኝም»

ጋሼ ኪራኮስን የማያውቅ፣ እዚህ ካልጋሪ የታራዴል ሰፈር ሐበሻ ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ከማንም ጋር ተጣልቶ የማያውቅ ነው። እዚህ ሰፈር ተኮራርፎ ከርሞ በእሳቸው ያልታረቀ ባልና ሚስት የለም ብል አላጋነንኩም። እኔን ራሴን ከወንድሜ ጋር አስታርቀውኛል፤ ያውም አልታረቅም ብዬ በር ዘግቼባቸው። ደጄ ላይ በዚያ ብርድ ቆመው «ልጄ፣ እስክትከፍቺ አልሄድም» አሉኝ። ምን ላርግ፣ ሽማግሌ በረዶ ላይ አቁሞ ማን ይተኛል? ከፈትኩ።

ለሰው መናገር ሲሆን አንደበታቸው ሌላ ነው። ለራሳቸው ሲሆን ግን አፋቸው ይታሰራል። ጡረታ እስኪወጡ ኤርፖርት አውሮፕላን ሲያጸዱ ነው የኖሩት። አንድ ዊንተር በረዶ አንሸራቷቸው የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ሱፐርቫይዘሩ ደህና ነህ ወይ ቢላቸው፣ ደህና ነኝ፣ ታንክ ዩ ብለው ሺፍታቸውን ጨርሰው ወጡ። እኔ ብሆን አገር ይያዝልኝ ነበር የምለው። በሳምንቱ ደግሞ አንድ ሱዳናዊ ልጅ የበዓል ፈቃድ ተከለከለ ሲባል፣ እጃቸው በጄሶ እንደታሰረ ቢሮ ገብተው ተከራክረው አስፈቀዱለት። እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። ሲያናድዱ!

ባለቤታቸውን እትዬ ጥሩወርቅን ከጥቂት ዓመታት በፊት ስትሮክ መታቸውና ኮራል ስፕሪንግስ የሚባል ሰፈር አጠገብ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ገቡ። እዚያ ሆነው መርሳቱ መጣ። መጀመሪያ እንግሊዝኛውን ረሱ፣ ቀጥሎ እኛን፣ ከዚያ አንድ ልጃቸውን በድሉን። በድሉ ትራክ ሹፌር ነው፤ ከአገር አገር እየነዳ በወር አንዴ ቢመጣ ነው፤ ሲመጣ እናቱ «ማን ነህ?» ይሉታል፣ ልጁ ኮሪደር ወጥቶ አልቅሶ ይመለሳል። እትዬ ጥሩወርቅ ያልረሱት የባላቸውን እጅ ብቻ ነው። ነርሶቹ በማንኪያ ሲሰጧቸው አፋቸውን ግጥም ያደርጋሉ፤ ጋሼ ጠቅልለው ሲያጎርሷቸው ግን ይበላሉ። እኔም ሞክሬያለሁ። ፊታቸውን አዞሩብኝ።

ስለዚህ ጋሼ በየቀኑ ለምሳ ይሄዱ ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ መኪና መንዳት ትተዋል። ከታራዴል ተነሥታ በኮራል ስፕሪንግስ የምታልፍ ትንሽ አውቶቡስ ነበረችን፤ ከደጃቸው አንሥታ መጦሪያው በር ላይ ታወርዳቸዋለች። እትዬ ጥሩወርቅ ምሳ የሚበሉት በዚያች አውቶቡስ ነው ማለት ይቻላል።

አምና ኅዳር ላይ የከተማው ምክር ቤት፣ ካውንስሉ፣ በጀት ሊያጸድቅ ሲል፣ ተሳፋሪ ያነሰባቸው የአውቶቡስ መስመሮች ይቅሩ የሚል ሐሳብ መጣ። የእኛዋም ከሚቀሩት ውስጥ ገባች። እውነቱን ለመናገር ሰዎቹ ዝም ብለው አልተነሡብንም። ፕሮፐርቲ ታክስ፣ የቤት ግብሩ፣ በዛ እያለ ከተማው ሁሉ ሲጮህ ነበር የከረመው፤ ከጯሂዎቹም አንዷ እኔ ነኝ። ኤርፖርት ኪችን ቆሜ እየዋልኩ የምከፍለው ሞርጌጅ፣ የቤት ብድር፣ አለብኝ፣ ታክሱ በየዓመቱ ይጨምራል፣ አልጩህ? ይቀነስ ያልኩት ግን ከሌላ ቦታ ይቀነሳል ብዬ ነው። ከየት ብትሉኝ እንጃ። ሁሉም ሰው ከሌላ ቦታ ነው የሚለው።

ለአውቶቡሷ ሰው የሰበሰበችው ልጄ ናሆሚ ናት። እዚሁ ካልጋሪ ነው የተወለደችው፣ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ካውንስሉ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት የከተማውን ነዋሪ ይሰማል፤ ቀድሞ የተመዘገበ ሰው አምስት አምስት ደቂቃ ይሰጠዋል። ጋሼ ኪራኮስን አስመዘገበቻቸው፤ እሷ ልታስተረጉምላቸው። ሳሎኔ ተቀምጠው ስትለማመድላቸው ሰማኋት። «ጋሼ፣ ላይክ፣ ስለ እትዬ ጥሩወርቅ ብቻ ይንገሯቸው። ፐርሰናል ስቶሪ፣ የራስን ታሪክ፣ ነው የሚሰሙት» አለቻቸው።

ጋሼ የቤቴን ገመና ይዤ አደባባይ አልወጣም አሉ። የኔይቱ ድሮ ቤት ሙሉ ሰው የምታስተናግድ ሴት ነበረች፤ ዛሬ እንደ ሕፃን የምትጎርስ መሆኗን ለማያውቃት ሰው መናገር እሷን ማዋረድ ነው አሉ። ደግሞስ ሽማግሌ ለራሱ ሊለምን ከወጣ ሽምግልናው ምኑ ላይ ነው? ለሰፈሩ ሰው እናገራለሁ፣ ይበቃል አሉ። እኔ ጣልቃ ገባሁ። «ጋሼ፣ ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይደርስም እኮ!» ብላቸው፣ «ጎረቤቱ እኔ ነኝ አይደል?» ብለው ሳቁብኝ። ከሽማግሌ ጋር ተከራክሮ ማን ያሸንፋል?

በቀኑ እኔ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ዳውንታውን ነዳኋቸው። የሠርግ ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ከራቫት አስረዋል። አቤት አነጋገራቸው! ለንጋት ሺፍት በጨለማ የሚወጡትን እናቶች አነሡ፣ የልጅ ጋሪ እየገፉ በረዶ ውስጥ የሚቆሙትን አነሡ፣ ተማሪዎቹን አነሡ። ስልካቸውን ሲነካኩ የነበሩት የካውንስል አባላት ቀና ቀና አሉ። ናሆሚም ስትተረጉም ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ኮራሁባቸው።

ሲጨርሱ አንዲት ፀጉሯ የሸበተ የካውንስል አባል ጥያቄ አለኝ አለች። የእኛ ሰፈር ተመራጭ አይደለችም። እስከዚያ ቀን ወዴት እንደምትሆን አልታወቀም ነበር፤ ናሆሚ ይህቺን ሴት ካገኘናት አለፈልን ብላኛለች። ፊቷን ሳየው ጋሼን ወዳቸዋለች፣ ቀዳዳ ልትከፍትላቸው ነው የፈለገችው። ረጋ ብላ ጠየቀች፤ ናሆሚ ወደ አማርኛ መለሰችው፦ «እርስዎስ? ይህች አውቶቡስ ብትቀር በእርስዎ ላይ ምን ይደርሳል?»

የፊቴን ወንበር ጨብጬ፣ በሉ ጋሼ፣ በሉ እንጂ እላለሁ በልቤ። ጋሼ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ።

«እኔስ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብኝም። የመጣሁት ለሌሎቹ ነው።»

ለእኛ ሰው ይሄ መልስ አይደለም፣ ሰላምታ ነው። ቤቱ እየተቃጠለ እንዴት ነህ ቢሉት እግዚአብሔር ይመስገን የሚል ሕዝብ ነን። የሚጠይቀውም ያውቃል፤ ደግሞ ይጠይቃል፣ አይ፣ እውነቱን ንገረኝ ብሎ ይይዛል፣ በስንት ልመና ነገሩ ይወጣል። ሴትየዋ ይሄን ከየት ታውቀዋለች? አንዴ ጠየቀች።

ናሆሚ ወደ ማይኩ ጠጋ አለች። ዓይኗ እንባ ሲሞላ ከሩቅ አየሁ። ግን ሽማግሌ የተናገረውን አጠገቡ ቆሞ ማስተባበል በእኔ ቤት አላደገችበትም። ቃል በቃል ተረጎመችው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ብድግ ብዬ «ውሸታቸውን ነው!» ብዬ ጮኽኩ፤ ያውም በአማርኛ። የገባው ሰው የለም። ሰብሳቢው ጸጥታ ጠየቀ፣ ጥበቃው መጥቶ በትሕትና አስቀመጠኝ። ጋሼ ዞር ብለው አዩኝ። አፍረውብኝ ነበር።

ድምፅ የሰጡ ቀን እኔና ናሆሚ ቤት ሆነን በኮምፒውተር አየን። ያቺው ሴት ተናገረች። አባባሏ ጨዋ ነው። «ሁላችን የሰማናቸው አዛውንት ራሳቸው ምንም እንደማይጎድልባቸው ነገሩን። በጣም የሚጎዳ ሰው ካለ ብዬ ፈልጌ ነበር። አላገኘሁም» አለች። መስመሯ ትቆይ የሚለው ሐሳብ ስምንት ለሰባት ወደቀ። ናሆሚ ኮምፒውተሩን ዘግታ መኝታ ቤቷ ገባች። ሴትየዋ ክፉ አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ አውቶቡሷ ቀረች። ደወልኩላቸውና ሺፍቴን አስለውጬ ላድርስዎ አልኳቸው። በድሉ ሥራ ቀንሷል፣ እሱ ያደርሰኛል አሉኝ። አመንኳቸው፤ ልጃቸው አይደል? በድሉ ግን ያኔ ኦንታሪዮ መንገድ ላይ ነበር። ለእሱ ደግሞ እኔን ጠቅሰው፣ ዘሪቱ ታደርሰኛለች ብለውታል። ሁለታችንንም እንዲያ አረጋግተው፣ እሳቸው በሌላ አውቶቡስ እስከ ባቡር ጣቢያ ይሄዳሉ፣ ከዚያ ሌላ አውቶቡስ ይጠብቃሉ፣ የቀረውን በእግራቸው። በዚያ ሁሉ በረዶ፣ በዚያ ጉልበት።

የማርፍበት ቀን እትዬ ጥሩወርቅን ልጠይቅ ብዬ ሄድኩ። ስገባ ደነገጥኩ። ጉንጫቸው ጎድጉዷል፣ ክንዳቸው የልጅ ክንድ ሆኗል። አንዲት ፊሊፒናዊት ነርስ ወደ ጎን ወስዳ ነገረችኝ፤ ባልየው አብዛኛውን ቀን ምሳ ካለፈ በኋላ ነው የሚደርሱት፣ ያን ጊዜ ደግሞ ሚስትየውን እንቅልፍ ወስዷቸዋል፣ እኛ ስንሞክር እንደምታውቂው ነው አለችኝ። ጋሼን አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሏቸዋል። ጫማቸው ርሷል። ከቤት የያዙት ምግብ ጭናቸው ላይ ነው፣ አልተከፈተም።

ቀሰቀስኳቸው። ለምን ዋሹኝ ብዬ አለቀስኩባቸው፣ ጮኽኩባቸውም። እሳቸው አንቺ ሥራ አለሽ፣ እሱም ሥራ አለው፣ ማንን ላስቸግር ብለው ጫማቸውን ያዩ ጀመር። ወይ ጉድ! ስንቱን ቤት ያቆሙ ሰው፣ አንድ ራይድ መጠየቅ ሞት ሆነባቸው። ከማግሥቱ ጀምሮ እሳቸው ያስታረቁን ሁሉ ተራ ገብተን ማድረስ ያዝን። አንድ ሰው እምቢ አላለም። እትዬ ጥሩወርቅም እንደገና መጉረስ ጀምረው ነበር። ግን ሰውነታቸው አልቋል፣ ሳንባ ምች ያዛቸውና ሁዳዴ ሳይገባ ዐረፉ።

ለቅሶው ላይ አዳራሹ ሰው አልበቃውም። ጋሼ አላለቀሱም። ይልቅ እየዞሩ ሰው መብላቱን ይጠይቃሉ፣ በድሉን ያጽናናሉ። እንዴት ነዎት ሲባሉ ደህና ነኝ ይላሉ። እኔ ያን ቃል ከአፋቸው ስሰማ አዳራሹን ጥዬ ወጣሁ።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ ስልኬ ጠራ። ጋሼ ኪራኮስ ናቸው። ዘሪቱ፣ ራይድ ስጪኝ አሉ። ካወቅኋቸው ጀምሮ ለራሳቸው ነገር ሲጠይቁኝ ይህ የመጀመሪያ ነው። ወዴት ብላቸው፣ ካውንስል አሉኝ። ናሆሚን አስመዝግቢኝ ብለው ለምነዋታል ለካ፤ እሷም አልነገረችኝም።

በዘንድሮው በጀት የእኛ አውቶቡስ ስሟም አልተነሣም። ናሆሚ ይሄን ነግራቸዋለች፤ አውቃለሁ፣ ግድ የለም ብለዋታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚል ሰው አይጠፋም። በእሳቸው ላይ የሚተርት ካለ ግን ከእኔ ጋር ነው ጸቡ። ማይኩ ጋ ቆሙ። ኮት አልለበሱም፣ ጃኬታቸውን እንደደረቡ ናቸው። ሰው አላመሰገኑ፣ ስለ ሰፈሩ አልተናገሩ። ያቺን ሴት ብቻ እያዩ ነው የተናገሩት።

«ሚስቴ ከእኔ እጅ በቀር አትበላም ነበር። አውቶቡሷ ስትቀር በምሳ ሰዓት መድረስ አቃተኝ። አምና ሲጠይቁኝ ይህን አልነገርኩዎትም። አፍሬ ነው። እርስዎ ጥፋት የለብዎትም፤ እኔ ነኝ የደበቅኩዎት።»

ናሆሚ ይሄንንም ቃል በቃል ተረጎመችው። ሰብሳቢው ለተናጋሪው ጥያቄ ያለው አለ ወይ አለ። ማንም የለም። ሴትየዋ ዓይኗን ጠረገች። ሰብሳቢው አመስግኖ ቀጣዩን ሰው በስም ጠራ። ደቂቃቸው ገና ብዙ ይቀረው ነበር።

ስንመለስ መንገዱ ተጨናንቋል። ናሆሚ ኋላ ተቀምጣ በመስኮት ታያለች። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው፣ «ዘሪቱ፣ ይህን አምና ብናገረው ኖሮ፣ አውቶቡሷ ትቆይ ነበር?» አሉኝ።

«አትቆይም ነበር ጋሼ። ቀድመው ወስነውት ነበር» አልኳቸው። መንገዱን እያየሁ ነው ያልኩት፤ ፊታቸውን እያየሁ እንዲያ ማለት አልችልም።

በሕይወታቸው የስንት ባልና ሚስት ውሸት ሰምተው ያስታረቁ ሰው ናቸው። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አሉኝና እጄን መታ መታ አደረጉት።