ጾመኛ ያሉት ውሻዬ

የቀድሞው ውሻችን የሞተው መንገድ ላይ የተጣለ ሥጋ በልቶ ነው። ሥጋው መርዝ ነበረበት። ለጅብ ይጣል ለባለቤት አልባ ውሾች፣ ማን እንደጣለውም አላወቅንም። ገመዱን የያዘችው ልጄ ነበረች። ጎንበስ ብሎ ዋጠው፤ ቤት ሳይደርስ መንፈራገጥ ጀመረ። ሌላ ቡችላ ስታመጣ እሺ ያልኳት በአንድ ነገር ነው፤ አፉ ሳይታሰር ከግቢ አይወጣም።

መጀመሪያ በሻሽ አሰርኩት። በሸዋ ሮቢት ሙቀት! ያዩኝ ማሾ የሚዘሩት ሽማግሌ ጎረቤታችን ናቸው። «ልጄ፣ ወላሂ ትገይዋለሽ! ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው፤ ፍቺው» አሉኝ። ጥጃ እናቱን እንዳይጠባ አፉ ላይ የሚደረገውን ዓይነት የገመድ መረብ ሊሠሩልኝም ቃል ገቡ። እሳቸው ውሻ ስለማይነኩ ልኩን እኔ በክር ወስጄ ሰጠኋቸው። ከቃጫ ሠሩት፤ አፉን ከፍቶ የሚያለከልክበት፣ ውኃ የሚጠጣበት፣ ቁራጭ ሥጋ ግን የማያስገባ።

እሑድ ጠዋት አስፋልቱ ሳይግል እኔ፣ ልጄና ውሻው ወደ መናፈሻው ሄድን። ሰው ሸሸን። አፉ የታሰረ ውሻ ሁሉ ተናካሽ ይመስለዋል። አንዲት ሴት ልጇን አቅፋ «እብድ ውሻ!» እያለች ተሻገረች። ባጃጅ ተራው ጋ አንዱ ሾፌር፣ «እትዬ፣ ውሻው ጾም ያዘ እንዴ?» አለኝ።

«አዎ፣ አንተ የገደፍከውን እየጾመልህ ነው።»

ጓደኞቹ ሳቁበት። ልጄ ግን አንገቷን ደፋች።

መናፈሻው በር ላይ ጥበቃው ዱላቸውን አጋድመው አስቆሙን።

«ይነክሳል?»

«አይነክስም።»

«ታዲያ አፉን ምን አሰረው?»

«እንዳይበላ ነው።»

«እኛን?»

«ሜዳ ላይ የተጣለውን።»

«ሰው እያስደነገጠ አይገባም። መረቡን አውልቂና ግቢ።»

ልጄ እጄን ሳበች። «እማዬ፣ ዛሬን ብቻ እናውልቅለት።»

ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። ቀበሌ ስጠራ እንኳ ያሉኝን እሺ ብዬ ነው የምወጣው። ያን ቀንም እጄን ወደ መረቡ ሰደድኩ። ቢሆንም ያ መንፈራገጥ ከዓይኔ አልጠፋም።

«ጋሼ፣ አወልቃለሁ። ውስጥ የተጣለውን ሁሉ አንቱ ያነሳሉ?»

«አንቺ ሴት፣ እኔ ጥበቃ ነኝ እንጂ ጽዳት ነኝ?»

«እንግዲያው አይወልቅም» አልኩና በሩ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄን ገብተሽ ተጫወቺ ብላት እምቢ አለች። አኩርፋ አጠገቤ ቆመች። ሰው ሲገባ ሲወጣ ያየናል፤ እኔም አየዋለሁ።

ጥበቃው ብዙ ከቆዩ በኋላ ወደ ውስጥ ዘለቁ። ሲመለሱ ዱላቸው ጫፍ ላይ ፌስታል ተንጠልጥሏል፤ አጥንትና የሸተተ ሥጋ።

«አግዳሚ ወንበሩ ሥር ነው ያገኘሁት» አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

«መርዝ አለበት?» አለች ልጄ።

«እኔ በምን አውቄ?»

«እኔም አላውቅም» አልኩ። «ለዚህ ነው ያሰርኩት።»

ልጄ ገመዱን ከእጄ ወሰደች። ጥበቃው ዱላውን አነሱልን።

«በሉ፣ በጥግ በጥግ ሂዱ» አሉን።

በመሃል ገባን።