በቃል አንድ እንቁላል

ሩሲያኛ በጠቅላላው ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት እንቁላል አስወጣኝ።

ልጄ ሩሲያ ሕክምና እንድትማር ታጭታ፣ የቀራት በሩሲያኛ የሚሰጥ የስልክ ፈተና ብቻ ነበር። ከወደቀች ዕድሉ የሌላ ሰው ነው። ጎረቤታችን ደግሞ በወጣትነታቸው ሩሲያ የተማሩ ጡረተኛ ሐኪም ናቸው። እኔ ከማክሰኝት እህልና እንቁላል እያመጣሁ ቅዳሜ ገበያ የምቸረችር ሰው ነኝ፤ ያላየሁትን ዕቃ በጅምላ አልገዛም።

«እትዬ፣ በቃል ስንት ይሉኛል?»

«ከጎረቤት ብር አልቀበልም። በቃል አንድ እንቁላል።»

«አራቱን በሦስት ቢያደርጉልኝስ?»

«የተሰነጠቀ እንዳታመጣብኝ።»

መጀመሪያ ቀን ልጄን ሲያስተምሯት አጠገባቸው ተቀምጬ ቃሉን በጣቴ ቆጠርኩ። መጠጣት «ፒት» ነው አሉ። እጠጣለሁ «ፕዩ»፣ ጠጪ ብሎ ማዘዝ «ፔይ»። ሦስት ጣት አጠፍኩ።

«ምነው? አንድ ቃል እኮ ነው» አሉኝ።

ጠረጠርኩ። ራሱ ዋጋ የሚቀንስ ሻጭ የማውቀው እህሉ ሲነቅዝ ነው።

«እስኪ ሞተ በል።»

«ሞተ።»

«ሟች በል።»

«ሟች።»

«ኦ የት ገባች?»

ሃምሳ ዓመት በአፌ ስትመላለስ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም። ሌላ አናባቢ ከኋላ ሲገፋት ከንፈር ላይ ሾልካ «ው» ሆናለች። የሩሲያኛዋም «ኢ» እንዲሁ ናት አሉ፤ «ኡ» ሲመጣባት ቦታ ለቃ «ይ» ትሆናለች፤ ቃሉ ያው ነው። እንዲህ ያለ ሸጋ ነገር በነፃ ሰምቼ አላውቅም።

ልጄ ግን በእኛ ፊደል ጽፋ ስለምታነብ «ፒ» ብላ ትቆማለች፤ ቀጥላ «ኡ»።

«በሩ ላይ አትቁሚ ልጄ፣ እለፊ» ይሏታል።

ሁለት ሳምንት ቆመች። ፈተናው እየቀረበ እኔም እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ቀን መስፋት «ሺት» ነው ብለው ቀሪውን ለእሷ ተዉት።

«ሽዩ» አለች ልጄ ቀስ ብላ። «ሼይ።»

መምታት «ቢት» ሲሏትማ «ብዩ፣ ቤይ» ብላ አከታተለችው፤ ማንም አልነገራትም። ደስ ብሎኝ ሁለት እንቁላል ጨመርኩ። መልሰው ገፉልኝ።

«ይሄን እኔ አልሸጥኩላትም። ራሷ ናት ያመጣችው።»

እኔ በእፍኝ ባቄላ ምርቃት ከሰው ስጨቃጨቅ የምውል ነኝ። እሳቸው አንዱን ቃል ሸጠው መቶውን የሚያወጣውን ብልሃት መረቁልን፤ በቃል ሒሳብ የጎዱት ራሳቸውን ነው። ይህን እያወቁ መፈጸማቸውን ሳስብ ዛሬም ይገርመኛል።

በፈተናው ቀን ከስልኩ ማዶ የነበረችው ሴትዮ ያለችው አልገባኝም። ልጄ ሳትደናቀፍ መለሰች፤ አንዴም አሳቀቻት። በሳምንቱ ከዩኒቨርሲቲው ተቀብለናታል አሉን።

ወጪ፣ እንቁላል ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት። ልጅቷ መስከረም ላይ ትሄዳለች።