ፋሲካ ረቡዕ የዋለበት ጉባኤ

ባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም የጾምና የበዓል ቀን የሚወጣበትን ቁጥር፣ ከአባቴ ጠንቅቄ ተምሬ ስለ ነበር፣ በደብረ ታቦር ጉባኤ የዘረጉት የኔታ ትምህርታቸውን የጨረሱትን ደቀ መዛሙርት ወደ እኔ ይልኩ ነበር። ቁጥሩንስ ያውቁታል፤ እኔ የማሳያቸው ለሌላው እንዴት እንደሚያስተምሩት ነበር።

ከሁሉም ያስቸገረኝ ከጉና ግርጌ የመጣ አንድ ረጅም ደቀ መዝሙር ነው። የእናቱ ደብር መምህር አጥቶ ይጠባበቅ ነበርና፣ የኔታ ፊት አስተምሮ ከተወደደለት ቦታው የእርሱ ይሆናል፤ ካልተወደደለት ሌላ ሰው ይላካል። ዕውቀት አልጎደለውም። ጠይቆ መታገሥ ግን አያውቅም፤ ጥያቄውን ሳይጨርስ መልሱን ራሱ ያፈስሰዋል።

«ዝም ብለህ ጠብቃቸው» ስለው፣ «እሜቴ፣ መልሱ ምላሴን ያሳክከኛል» ይለኛል።

በመጨረሻ ከስልቻዬ የገብስ ቆሎ ዘግኜ ሰጠሁት። «ከጠየቅህ በኋላ አፍህን ሙላ። አላምጠህ ሳትውጥ አትናገር።»

የፈተናው ቀን የኔታ ከወይራው ሥር ተቀመጡ፤ እኔም ከጎናቸው ጥቂት ራቅ ብዬ ተቀመጥሁ። ከጋፋት በኩል የብረት መዶሻ ይሰማል። ረጅሙ ደቀ መዝሙር ስድስቱን ጀማሪዎች፣ «በዓለ መጥቅዕ እሑድ ሲውል ፋሲካ በምን ቀን ይውላል?» ብሎ ጠየቀና ቆሎውን ጎረሰ።

የስሌቱ መነሻ በዓለ መጥቅዕ ነው፤ ለሚውልበት ለእያንዳንዱ ዕለትም የሚጨመር ቁጥር አለ፤ ከቅዳሜ ስምንት ተጀምሮ አንድ አንድ እየቀነሰ ዓርብ ላይ ሁለት ይሆናል። አንደኛው ጀማሪ ግን በጣቱ ስምንቱን ከዓርብ ጀምሮ ወደ ኋላ ቆጠረና ሰባት የሚገባውን እሑድን ሦስት ሰጠው። የቀረውን ያለ አንዳች እንከን አስልቶ ብድግ አለ።

«ፋሲካ ረቡዕ ይውላል!»

«በጾም ቀን?» አለው ጓደኛው። «ከዶሮዋ ጋር ተማክረሃል እንዴ?»

ሌሎቹ ሣሩ ላይ ተንከባለሉ። የደቀ መዝሙሬ ጉንጭ ተነፍቶ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ ገብስ እንዳገኘች በቅሎ ያላምጣል። እኔም፣ ያን ያህል ዝምታን ሳስተምር የኖርሁት ሴት፣ «ሰባት» ልል አፌን ከፈትሁ። የኔታ ወደ እኔ ሳይዞሩ መካከላችን ካስቀመጥሁት ስልቻ አንድ እፍኝ ቆሎ ዘግነው ዘረጉልኝ። ጎረስሁ። ጥቂት ቆይተው እርሳቸውም መታገሥ ቢያቅታቸው ጎረሱ። ስድስቱ ሲከራከሩ እኛ ሦስታችን እናላምጣለን።

«ቆይ፣ እንግዲህ ጾመ ነነዌ መቼ ሊገባ ነው?» አለ ያው ተረበኛ።

«ሐሙስ ነዋ።»

«ነነዌ ከሰኞ ሌላ ገብቶ ያውቃል?»

ያ ጀማሪ ጣቶቹን አንድ በአንድ አያቸው። «ውይ! ከዓርብ ጀምሬ! እሑድ ሰባት ነው!» እንደ ገና አሰላና ፋሲካን በእሑዱ አዋለው። እልልታው ከወይራው ወፎችን አስነሣ።

የኔታ ቆሏቸውን ዋጡና ወደ ረጅሙ ደቀ መዝሙር ዞሩ። «መምህር፣ የሚጨምሩት አለ?»

ትናንት «አንተ» ይሉት ነበር። ከአፉ ገና ቆሎው አላለቀም፤ እንባው ዱብ ዱብ እያለ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። በሰው ፊት ጥርሴን አሳይቼ የማላውቅ እኔ ሣቄ አምልጦኝ ቆሎውን የኔታ ጋቢ ላይ በተንሁት።

በማግስቱ ወደ ጉና ሲወጣ ስልቻዬን ጠይቆ ይዞት ሄደ።