ከአልጋ ሥር የተኛው ፕሮፔለር

በላስ ቬጋስ፣ በሜሪላንድ ፓርክዌይ ዳር ካሉት አፓርትመንቶች በአንዱ፣ ከጋሽ ኪዳኔ አልጋ ሥር፣ በጋቢ የተጠቀለለ የጀልባ ፕሮፔለር ተኝቶ ነበር። ሦስት ሰፋፊ ክንፎች ያሉት፣ ከብሮንዝ፣ ከነሐስ የተሠራ ነው፤ የጠዋት ፀሐይ በመስኮት ገብታ ከጋቢው የወጣውን ጫፉን ስታገኘው ክፍሉን ሁሉ ወርቃማ ታደርገዋለች። ሌላ ሰው አልጋው ሥር ሻንጣ ያኖራል። እሳቸው ግን ዝናብ ሲዘንብ ሰው ከቤቱ ወጥቶ በሚያይበት በዚህ በረሃ፣ ውሃ የሚገፋ ብረት አስተኝተው፣ ከመተኛታቸው በፊት እጃቸውን ሰደድ አድርገው መኖሩን ይዳብሳሉ።

ልጃቸው ሳምራዊት ከሲልቬራዶ ራንች ሰፈር ልትጠይቃቸው መጥታ ቤት ስትጠርግ መጥረጊያዋ ከብረቱ ጋር ተጋጨ።

“አባ፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው?”

“ሌባ አለ” አሏት። ሌባው ማን እንደሆነ ግን አልነገሯትም። የጠረጠሩት ባዘዘውን ነበርና። ባዘዘው ፕሮፔለሩ የተነቀለባት ጀልባ እኩል ባለቤት ነው፤ ከዚያም በላይ፣ ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ በዚህ ከተማ ሳይደውል የማይውል ብቸኛ ወዳጃቸው ነው።

ጋሽ ኪዳኔ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል መካኒክ ነበሩ። በሱዳን በኩል ተሰደው ላስ ቬጋስ ከገቡ በኋላ ካዚኖዎቹ በተደረደሩበት ጎዳና፣ ዘ ስትሪፕ ላይ፣ የቁማር ማሽን ጠጋኝ ሆነው ዕድሜያቸውን ጨረሱ። ያ ሥራ ግማሹ ጥገና፣ ግማሹ ጥርጣሬ ነው። ማሽን ሲቆም ካዚኖው መጀመሪያ የሚጠይቀው “ምን ሆነ?” ብሎ ሳይሆን “ማን ነካው?” ብሎ ነው። ጥያቄው ከዩኒፎርማቸው ጋር ቤታቸው ድረስ ይከተላቸው ነበር።

በ2020 ማርች ላይ ካዚኖዎቹ በኮሮና ሲዘጉ፣ ያ ሁሉ መብራት ለባዶ መንገድ ሲበራ ከረመ። ባዘዘው በዲቪ የመጣ የጣና ዳር ልጅ ነው፤ እንግዳ ከኤርፖርት የሚያመላልስ ሾፌር ነበርና የሚጭነው ሰው ጠፋ። ሁለቱ ሥራ ፈቶች በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ማስክ አድርገው፣ ተራርቀው ቆመው ስለ ዓሣ ማውራት ጀመሩ። ወሬው እየጠነከረ ሄዶ አንዲት አሮጌ የዓሣ ጀልባ በጋራ ገዙ። ሞተሯ ከኋላዋ የተንጠለጠለ አይደለም፤ ከሆዷ ውስጥ ተቀምጦ ረጅም ዘንግ ያዞራል፣ ዘንጉም ከታች ወጥቶ ፕሮፔለሩን።

አብሯት የመጣው ፕሮፔለር የማይዝግ ብረት ነበር። ሲያብረቀርቅ መስታወት ነው፤ ባዘዘው ወደደው። ጋሽ ኪዳኔ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሐይቅ፣ ሌክ ሚድ ላይ፣ አንዴ ነድተውበት “ይሄ የሌላ ጀልባ ነው” አሉ። ክንፎቹ በጣም የተጠማዘዙ ስለሆኑ በአንድ ዙር ብዙ ውሃ ልግፋ ይላል፤ ሞተሩ አልቻለም፣ ያቃስታል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ጥምዝነቱ ካነሰ ደግሞ ሞተሩ በከንቱ ይጮሃል እንጂ ጀልባዋ አትሄድም። ስለዚህ የዓሣ ማቆያውን በረዶና ዕቃውን ሁሉ እየጫኑ፣ ፕሮፔለር እየተዋሱና እየመለሱ ሞከሩ፤ ሞተሩ ሳይጨነቅም ሳይፈነጭም ሙሉ ጉልበቱን የሰጠው በዚህ በብሮንዙ ነበር።

“ብረት ድንጋይ ሲያገኝ አይታጠፍም” አሉት ለባዘዘው። “ምቱን ለዘንጉ ይሰጠዋል፣ ዘንጉ ለሞተሩ። ብሮንዝ ግን ጉዳቱን ራሱ ላይ ያስቀረዋል። የታጠፈ ይቃናል፤ የተሰበረ ዘንግ ግን ምን ታደርገዋለህ?”

ከታች ከጀልባዋ አከርካሪ እስከ መሪው እግር ድረስ ጠፍጣፋ ብረት አሰሩ፤ ከሥር የሚመታት ነገር ቢመጣ መጀመሪያ እሱን እንዲያገኝ። ውሃው ብሮንዙን ከመብላቱ በፊት የሚበላው ሌላ ርካሽ ብረትም ዘንጉ ላይ አስገቡ። መጨረሻ ላይ የባሕር ኃይሉን ሥርዓት ፈጸሙ፦ ፕሮፔለሩን በሚይዘው ትልቅ ዳዶ ላይ አንድ ነጥብ፣ በፕሮፔለሩ እምብርት ላይ አንድ ነጥብ በመዶሻ መቱ። ሁለቱ ነጥቦች ፊት ለፊት ካሉ ማንም አልነካውም ማለት ነው።

በ2021 በጋ ሐይቁ ሸሸ። ገደሉ ላይ ነጭ ቀበቶ ጥሎ ወደ ታች ወረደ፤ የጀልባ ማውረጃዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ትናንት ውሃ ብቻ በነበረበት ዛሬ ደሴት ብቅ ይላል። ሐይቅ ተኝቶ ሲቀንስ ማየት ሰው ሲከሳ እንደ ማየት ነው። ጋሽ ኪዳኔን ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነበር። አንድ ጠዋት፣ ጀልባዋ በምታድርበት ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ግቢ፣ ተሳቢዋ ላይ እንዳለች ከሥሯ ገብተው እንደ ልማዳቸው ዳዶውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። ነጥቡ ነጥቡን አልፎታል።

ክንፎቹን ዳበሱ። ጠርዛቸው ሳስቷል፤ ሞረድ የነካው አዲስ ሻካራነት አለው። የግቢው ቁልፍ ያለው ከሳቸው ሌላ ባዘዘው ጋ ብቻ ነው። ባዘዘውን ሲጠይቁት ዓይኑን ሰበረ፤ “ሙቀቱ ይሆናል ጋሼ፣ ብረት ይለጠጣል” አለ። መዋሸት የማያውቅበት ሰው ነበር። እሳቸውም ያን ቀን ፕሮፔለሩን ነቅለው ወደ ቤት ወሰዱት።

ባዘዘው መጀመሪያ ቀለደበት። “ጋሼ፣ እሱን አልጋ ላይ አስተኝተው እርስዎ ወለል ላይ ተኙ እንዴ?” አላቸው በስልክ። ቀልዱ ውስጥ ግን ጭንቀት ሰሙ፤ ደጋግሞ መቼ እንደሚመልሱት ይጠይቃል። ምን ቸኮለ? ብሮንዝ እንደሚሸጥ ያውቃሉ። እየሞረደ አቧራውን ይሸጥ ይሆን? ሞኝ ሐሳብ እንደሆነ ገባቸው፤ ግን የተሻለ አልመጣላቸውም።

ከዚያ የባሰ መጣ። ሳምራዊት ኩሽና ውስጥ በስልክ በዝግታ ስታወራ ሰሟት፦ “ኖ፣ ባዜ፣ አልነገርኩትም። አንተም አትንገረው። ሂ ዊል ሰል ዘ ቦት፤ ጀልባዋን ይሸጣታል።” የገዛ ልጃቸውም ተባባሪ ናት ማለት ነው። ሊነጋ ሲል አሰላስለው ጨረሱ፦ እጅ ከፍንጅ ይዘውት፣ ድርሻውን ሰጥተውት፣ ጀልባዋን ሸጠው፣ ከዚያ በኋላ ስልኩን አያነሡም። ውሳኔው ልባቸውን እንደ ድንጋይ ተጫነው፤ የሚያነሡት ሌላ ስልክ የላቸውማ።

ወጥመዱን እንዲህ አደረጉ። ፕሮፔለሩን መልሰው ገጠሙ፣ ነጥቡን ከነጥቡ አገናኙ፣ ምንም እንዳልጠረጠረ ሰው ቅዳሜ ከባዘዘው ጋር ሐይቅ ወጡ። መሪውን እንደወትሮው እሳቸው ያዙ፤ ባዘዘው ከፊት ተቀምጦ መንጠቆ ያዘጋጃል። መመለሻቸው ላይ ከሥር ጓ የሚል ነገር ጀልባዋን ነቀነቃት። “ጉቶ ነው” አሉ። ባዘዘው አጎንብሶ ከጎን ወደ ውሃው ተመለከተ።

ሰኞ ቀትር ላይ መኪናቸውን ከግቢው ማዶ ፓርክ አድርገው ጠበቁ። ባዘዘው መጣ። ዣንጥላ ዘርግቶ ከጀልባዋ ሥር ገባ፣ ዳዶውን ፈታ፣ ፕሮፔለሩን በመንቀያ አወጣ። ወደ መኪናው ግን አልወሰደውም። መሬት ላይ ተቀምጦ ጭኑ ላይ እንደ ሕፃን አስተኛው፤ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያለ ይመታው፣ በሞረድ ይደባብሰው ጀመር። ጋሽ ኪዳኔ ኮቴያቸውን አጥፍተው ከኋላው ቆሙ።

“በርታ” አሉት።

ባዘዘው ሞረዱን አልደበቀም። “በዚህ ፀሐይ ምን ያደርጋሉ ጋሼ?”

“ሌባ እጠብቃለሁ።”

“መጣ?”

“መጣ። ሞረድ ይዞ መጣ።”

ባዘዘው ግንባሩን ጠረገና ክንፉን ወደሳቸው አዞረ። “ይዳብሱት እስቲ።”

ዳበሱት። አውራ ጣታቸው ስብራት ውስጥ ገባ፤ ጥልቅ፣ የተቀጠቀጠ፣ ገና ሞረድ ያልነካው። ይህን የመታ ነገር እንጨት አይደለም።

“ይሄ ምንድነው?”

“ጉቶ ነው።”

“የት ያለ ጉቶ?”

“ቅዳሜ፣ ጉቶ ነው ያሉት እርስዎ ነዎት።” ባዘዘው ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ድንጋይ ነበር ጋሼ። ውሃው ነጣ ብሎ ነበር። ወደ ግራ ብዬዎታለሁ።”

“ሰምቻለሁ።”

“ሰምተዋል። አላዩም።”

ከመንገዱ የከባድ መኪና ድምፅ መጥቶ አለፈ። ከዚያ ባዘዘው በሆዱ የያዘውን ሁሉ አወጣው። የመጀመሪያው ምት ባለፈው መጸው እንደነበር፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ክንፉ ተጎድቶ ቢነዱት ዘንጉን እንደሚያንቀጠቅጠው ያስተማሩት እሳቸው ስለሆኑ፣ እየመጣ እንደሚያቃናውና ነጥቡን ከነጥቡ መልሶ እንደሚያገጥመው፤ አንድ ቀን ብቻ እንደሳተው። ሳምራዊትም ሻይ ከብርጭቆው ውጪ ሲቀዱ አይታ እንደጠረጠረች፤ ዓይናቸውን እንዲታዩ ብትነግራቸው መኪናውንም ጀልባዋንም ሸጠው ቤት ዘግተው እንደሚቀመጡ ፈርታ እንደተወችው።

“ለምን አልነገርከኝም?”

“እንዴት ብዬ? እርስዎ ምጽዋን ያዩ ሰው ነዎት። እኔ የታንኳ ልጅ፣ ድንጋይ መቱ ልበልዎት?”

ጋሽ ኪዳኔ ቁጣቸው አልበረደም፤ ጭራሽ ቦታውን አገኘ። “ከሌባ ትብሳለህ” አሉት። “ሌባ ብረት ይወስዳል። አንተ እየተከባበርን እንድንሰምጥ ነበር ያሰብከው። ፊት የምትቀመጠው አንተ አይደለህም ወይ?”

ባዘዘው አንገቱን ደፋ።

እሳቸው ዳዶውን ከመሬት አንሥተው ወደ ብርሃን አዞሩት። ራሳቸው የመቱትን ነጥብ ፈለጉ። ጣታቸው አገኘው፤ ዓይናቸው ጉም ብቻ አየ። ቀና ብለው ወደ ግቢው በር ሲመለከቱ በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ነጭ ጨርቅ መሰላቸው። በጣታቸው ማየት የጀመሩት መቼ ነበር? “ማን ነካው?” ብለው ሲፈልጉት የከረሙት ሰው እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ይሄው፣ እዚሁ ቆመዋል።

አጠገቡ ተቀመጡ። ሦስቱንም ክንፎች አንድ በአንድ ዳበሱ።

“ደግሞ አበላልጠህ ነው የሞረድከው” አሉ። “ይሄኛው ከወንድሞቹ ቀሏል። እንዲህ ከዞረ ዘንጉን ይበላዋል። ሞረዱን አምጣ።”

ሳምራዊት ያን ሳምንት ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው፤ ዓይናቸው ላይ ሞራ አለ፣ ይገፈፋል ተባለ። እስከዚያ መኪናውን እሷ፣ ጀልባዋን ባዘዘው ይነዳሉ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ጀልባዋ ውሃ ከመግባቷ በፊት ባዘዘው ዳዶውን አጠበቀው።

“ነጥቡ ገጥሟል ጋሼ” አለ።

“የደበቅከኝ ሌላ ነገር የለም?”

“የለም።”

ጋሽ ኪዳኔ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ከጀልባዋ ሥር ገቡና በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።