ጆሮዬን ያልነካው እጄ

አባቴ ሆን ብሎ ከትምህርት አስቀርቶኛል። ባለፈው ሳምንት በነገሥታቱ ግንብ አጥር ሳልፍ፣ ጠጋኞች የሚያቦኩት የኖራ ሽታ ልመዘገብ የሄድሁበትን ያን ጧት አመጣብኝ።

ያኔ ለትምህርት መድረስህ የሚለካው በእጅህ ነበር፤ በአናትህ ላይ አዙረህ የወዲያኛውን ጆሮህን ከነካህ ትመዘገባለህ። የእኔ እጅ ይደርስ ነበር። ግንበኛ የነበረው አባቴ ግን መንገድ ላይ ትከሻዬን ጨብጦ፣ «ጣትህን እጠፍ። ድንጋይ ፊደል አይጠይቅም» አለኝ። አጠፍሁ።

መዝጋቢው፣ «ምነው ቸኮልህ ማሙሽ፣ ገና ጡት አልጣልህም!» ብሎ ሳቀብኝ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ግንቡ ላይ ወጥቼ ለአባቴ ኖራ አቀብል ነበር። ከላይ ሆነህ ስታየው የቀሐ ወንዝና ከማዶ ያለው የገብስ ማሳ ወለል ብሎ ይታያል።

«አገራችን ሸጋ አይደል?» አለኝ።

ሸጋ ነበር። ዛሬም ፈረንጅ ፎቶ ያነሳዋል፤ እኔ የማየው ግን ኖራ የላጠውን መዳፌን ነው።

ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ዓመቴ ነው። አባቴ አርጅቶ ሲታመም የሐኪም ወረቀት ዘርግቶ፣ «አንብብልኝ ልጄ» አለኝ።

«እጄ አይደርስም፣ አባየ» አልሁት።

አቀርቅሮ መዳፌን አየ። ከዚያ፣ «ይደርስ ነበር» አለ።

አነበብሁለት። በልቤ የያዝሁበት ቂም ያለቀው ያን ዕለት ነው፤ ኅዳር አሥራ ሁለት፣ በሚካኤል ቀን።